ማንም ያልገዛበት ዋጋ

መርሳ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአላህ ስም እጀምራለሁ።

ለእኅቴ ልጅ ለዙልፋ፤ ባለሽበት በሻርጃ ከተማ የአላህ ሰላምና እዝነት ይድረስሽ። እናትሽ ሲቲ ደኅና ናት፤ ክረምቱ ጉልበቷን ነካክቷት ነበር፣ ፀሐይ ሲወጣ ለቀቃት። እኔም አልሐምዱሊላህ ከጨርቅ ሱቄና ከኪታቤ አልተለየሁም። ወረዳችን ሀብሩ ዘንድሮ ዝናቡን በልክ አግኝቷል፤ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል።

ይህን ደብዳቤ ስልክ የሚጠግነው ጎረቤቴ ረዲ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። «ሸኽ፣ ድምፅዎን ቀድተው ቢልኩ ምናለ? ጣትዎ ይረፍ!» ይለኛል። በአፍ የተነገረን ነፋስ ይወስደዋል፣ የጻፉትን ግን ይጠየቁበታል ብዬ መለስሁለት። ሳቀብኝ።

በዓሪፍ እጅ የላክሽልን ብርድ ልብስ ደርሶናል፤ አላህ ይስጥሽ። የዋጋው ወረቀት አልተነሣለትም ነበር። ሁለት ዋጋ አለበት፤ ትልቁ በቀይ ተሰርዟል፣ ትንሹ ከሥሩ ተጽፏል። አንቺም በመልእክትሽ «የሦስት መቶውን በመቶ ሃያ ድርሃም አገኘሁት» ብለሻል። ልጄ፣ የስጦታ ዋጋ አይነገርም፤ ይህን ሳላስተምርሽ የቀረሁ አይመስለኝም። ስለ ዕቃው ከጠየቅሽኝ ግን እነግርሻለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ የዳሰሰ እጅ አለኝና። በጣቴ አሸሁት፣ ለብርሃን ዘረጋሁት፣ ከጠርዙ ክር መዘዝሁ። ደኅና ብርድ ልብስ ነው። የመቶ ሃያ ብርድ ልብስ ነው። የሦስት መቶ ሆኖ ግን አያውቅም። ለመሆኑ ያን ሦስት መቶ ማን ከፍሎታል?

ወንድምሽ ሙስዐብ በወልድያ የጨርቅ ሱቅ ከፍቷል፤ በአንቺ ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ። ከመክፈቱ በፊት መርሳ ድረስ መጥቶ ስሜን ለመነኝ። «አጎቴ፣ ታፔላው ላይ የእርስዎ ስም ይጻፍልኝ፤ ከሐራና ከግራና የሚመጣው ሰው የሚያውቀው እርስዎን ነው» አለኝ። ስሜን ለማንም አውሼ አላውቅም። ለእርሱ ግን፣ ያሳደግሁት ልጅ ነውና ሰጠሁት። አማና ነው፣ በአላህ ፊት ትጠየቅበታለህ አልሁት፤ እሺ ብሏል።

ለእኔ ገንዘብ አትላኪ። ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠሪ ግን ጻፊልኝ። አላህ ሐላሉን ያብዛልሽ።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ሻርጃ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሸኽ አብዱልጀሊል፤ ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። ከሩቅ ሆኜ እጅዎን እስማለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ዱዓዎም ከእኛ አይለየን።

የምሠራው በአንድ ትልቅ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ነው። ዕቃ አልሸጥም፤ የዋጋ ወረቀት አትሜ እለጥፋለሁ። ኃላፊያችን «ቅናሽ» ሲል መጀመሪያ ትልቁን ቁጥር አትማለሁ። ዕቃው ሰው በማያዘወትረው መደርደሪያ ላይ ጥቂት ይሰነብታል። ከዚያ ቁጥሩን በቀይ እሰርዝና እውነተኛውን ከሥሩ እጽፋለሁ። እንግዲህ ለጠየቁኝ መልሱ ይኸው ነው፤ ሦስት መቶውን ማንም አልከፈለውም። ብርድ ልብሱ ላይ ያለውን ወረቀት የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። ሆኖም ከሥራ ስወጣ ቀዩን መስመር ሳየው እጄ ዘሎ ያዘው። ይሳቁብኝ አጎቴ።

እዚህ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ሳይሆን ተረፈልኝ የሚለውን ነው። ለሙስዐብም ይህንኑ መክሬው ቀዩን መስመር ጀምሮታል፤ ገበያው እንደ ሠርግ ቤት ሞቀልኝ ብሎ ደወለልኝ። እርስዎም መርሳ ላይ ቢሞክሩት መልካም ነበር።

ከመቆጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከእርስዎ ሱቅ ጎን ያሉት ነጋዴዎች ምን ያደርጋሉ? አንዱ ሽርጡን ሁለት ሺህ ብሎ ይጠራል። ገዥዋ «ስምንት መቶ» ትላለች። «ወላሂ በዚህ አላመጣሁትም!» ይላል። ጥላው ትሄዳለች። «ነይ፣ ነይ እኅቴ፣ ላንቺ ስል!» ይላታል። በሺህ ይጨርሳሉ። ያን ሁለት ሺህስ ማን ከፍሎት ያውቃል? እኛ በአፍ የምንሰርዘውን እነዚህ በቀለም ሰረዙት እንጂ ልዩነቱ ምንድን ነው?

እንዳይቀየሙኝ። ለእናቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ዙልፋ


መርሳ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አላህ ለጠየቀን መልስ ከመስጠት አያስንፈን።

ለልጄ ለዙልፋ፤ ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ አልተቀየምሁም። ጥያቄሽ የሞኝ ጥያቄ ስላልሆነ ሰንብቼ አስቤበታለሁ።

ባለሽርጡ ሁለት ሺህ ሲል «ነይ ተከራከሪኝ» ማለቱ ነው። ሴትዮዋም ታውቀዋለች፤ እርሷም ስምንት መቶ ስትል ልትከፍል ካሰበችው ዝቅ አድርጋ ነው የምትጠራው። ሁለቱም ከየጫፋቸው ተነሥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ። መሐላው ወንጀል ነው፤ ለእርሱ ጥብቅና አልቆምም። የተሰረዘው ቁጥር ግን ክርክር አይጠራም፤ ምስክርነት ይሰጣል። «ትናንት በዚህ ተሸጦ ነበር» ይላል። ኪታባችን ሊገዛ ሳያስብ ገበያ መሐል ቆሞ ዋጋ የሚያንርን ሰው ያወግዛል። ያ ቀይ መስመር ያለበት ቁጥር ሥጋ የሌለው ገዥ ነው፤ ከሴትዮዋ ጎን ቆሞ ያንርባታል፣ ፊቱን አይታ ግን ልታሳፍረው አትችልም።

እኔ በቁርጥ ዋጋ እንደምሸጥ ታውቂያለሽ። ቀላል እንዳይመስልሽ። ከግራና የምትመጣ ነሲባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ማሽላዋን ሸጣ ልጆቿን የምታለብስ። በመጣች ቁጥር እንጣላለን።

«ሸኽ፣ መጨረሻውን ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያውን ነገርሁሽ፤ መጨረሻውም እርሱ ነው።»

«አሥር ብር እንኳ?»

«የለም።»

«ታዲያ ቤቴ ገብቼ ምን ልበል? ሸኹ አሸነፉኝ ልበል?»

ከዚያ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጨርቁን ታሸዋለች፤ ክር መዛ በጥርሷ ትበጥሳለች፤ በር ላይ ወጥታ ለፀሐይ ትዘረጋዋለች። ጉድለት ስታጣ ትከፍላለች። «አላህ ልብዎን ያላላው!» ብላኝ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ግን እንደ እርሷ አይታገሡም፤ ሲወርድ ያላዩትን ዋጋ አያምኑምና ወደ ጎረቤቴ ያልፋሉ። ይለፉ።

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ወጥቼ ነበር። ሲሪንቃን አልፈን ከተማ ስንገባ የሙስዐብን ሱቅ ማንም ሳያሳየኝ አገኘሁት፤ ስሜ ከላይ በአረንጓዴ ቀለም ተጽፏል፣ ከሥሩ ያለው መስታወት ሁሉ ቀይ መስመር ነው። ገባሁና አንዱን ጣቃ ይዤ ጠየቅሁት።

«ይህን ጨርቅ በተሰረዘው ዋጋ የገዛህ ማን ነው?»

«አጎቴ፣ አሠራሩ ነው።»

«ስሙን ንገረኝ።»

«ስም የለውማ።»

«የእኔ ግን አለው። ከደጃፉ ተጽፏል።»

ጣቃውን ከእጄ ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ስወጣ ጎረቤቱ ባለሱቋ እልፍነሽ «ሸኽ፣ ልጅዎ እኮ ገበያውን ጠራርጎ ወሰደው! እኛስ ስም የሚያውሰን አጎት ከየት እናምጣ?» አለችኝ። ቀልድ ነው፤ ግን እስከ መርሳ ድረስ አብሮኝ ተጓዘ።

ለሙስዐብ እስከ ረመዳን ጨረቃ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ወይ መስመሩ ይነሣል፣ ወይ ስሜ ይወርዳል። መስመሩን ያስተማርሽው አንቺ ነሽና አንቺው ጻፊለት። ከዚህ ሌላ ከአንቺ ምንም አልጠይቅም።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ሻርጃ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፤ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈ። ረዲ «ሸኹ መልስ መጣ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል» ሲለኝ «ሥራ በዝቶብኝ» እያልኩ ነበር። ሥራ አልበዛብኝም።

ለሙስዐብ አልጻፍኩለትም።

ምክንያቴን ልንገርዎ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ያለው ጨርቅ የእኔ አምስት ዓመት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሰባት ሴቶች ጋር ተኝቼ ያጠራቀምኩት ነው። ተመልሼ የምኖረው በእርሱ ነው፤ ሌላ ያኖርኩት የለኝም። ሙስዐብ እንደሚለኝ ከገጠር የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ታፔላውን ነው። ስምዎ በወረደ ቀን ገበያው አብሮ ይወርዳል። መስመሩን ቀስ በቀስ ያነሣዋል፤ ስምዎን ግን ይተዉልን። እስከ ዓረፋ ብቻ ይታገሡን። ይህን የምለምንዎ ለእኔ ስል ብቻ አይደለም፣ ለእናቴም ነው።

ስለዚያ ሥጋ ስለሌለው ገዥ የጻፉትን ግን አልረሳሁትም። ወደ መደብራችን የምትመጣ አንዲት የሱዳን አሮጊት አለች። ዕቃ ስታነሣ ወረቀቱን በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች። ታገላብጣለች፣ ትመዝናለች፣ በልቧ የምትሰጠውን ትቆርጣለች፤ ከዚያ ጣቷን ታነሣለች። ከቆረጠችው ከበለጠ መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ቀዩን መስመር አታየውም። እርሷ ስትገባ የኃላፊያችን ፊት ይጠቁራል። እኔ ደግሞ ያንን ሳይ ለምን ደስ እንደሚለኝ አላውቅም።

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ዙልፋ


መርሳ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አላህ እውነትን ብንጠላት እንኳ ከእኛ አያርቃት።

ለልጄ ለዙልፋ፤ እንደምን ከርመሻል? ዒዱን እናትሽ ዘንድ ውለናል፤ ስምሽ ሳይነሣ የተበላ ምግብ የለም።

ቀጠሮዬን አራዝሜልሻለሁ፤ በዕድሜዬ አድርጌው የማላውቀውን። ረመዳን ገባ፣ ወጣ፤ መስመሩ አልተነሣም። እኔም ለሲቲ ስል ነው እያልሁ ዝም አልሁ።

ከዒዱ በኋላ ያቺ የግራናዋ ነሲባ ማር በጣሳ ይዛ ሱቄ መጣች። ልጇን ልትድር ነው። «ሸኽ፣ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት» አለችኝ፤ «ለኒካሑ የሚሆነውን ጨርቅ ከወልድያው ሱቅዎ ገዛሁ።»

አሳዪኝ አልሁና ከጥቅሏ አወጣችው። ቀይ ነው። አውራ ጣቴን አርሼ አሸሁት፤ ጣቴ ቀላ። ክር መዘዝሁ፤ እንደ ሸረሪት ድር ተበጠሰ።

«ነሲባ፣ አልዳሰስሽውም?»

«የእርስዎ ስም ከላዩ ተጽፎ ምኑን ልዳስስ? እርስዎ ቤት ስንት ዘመን ዳስሼ አንድ ቀን ጉድለት አላገኘሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጣቴን ላሳርፍ አልሁ።»

«የተሰረዘውን ዋጋስ አምነሽ ነው?»

ሳቀችብኝ። «እርሱን ማን ያምናል ሸኽ! ከሥሩ የጻፈውንም እኮ መቶ ብር አስቀንሼዋለሁ!»

ልጄ፣ ዙሪያዬ ጠበበኝ። ለካ የተሰረዘው ቁጥር አላታለላትም። ያታለላት ያልተሰረዘው ስሜ ነው። ቀዩን ጣቴን አሳየኋት። ሳቋ ከፊቷ ቀስ ብሎ ወረደ፤ የቀላውን ጣት ይዛ በሻሿ ጫፍ ጠረገችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በገበያው ቀን ሁለታችን ወልድያ ወጣን። መሰላል አስመጣሁና ታፔላው ይውረድ አልሁ። ሙስዐብ እጄን ያዘኝ።

«አጎቴ፣ ሰው እያየ?»

«ሰው እያየ አይደል የተሰቀለው?»

ወረደ። ገንዘቧን መልስላት አልሁት፤ እርሷ ግን እንቢ አለች። «ገንዘብ ይዤ ልጅ አልድርም፤ ጨርቅ ነው የምፈልገው። ጣቃዎቹን ወደ በር አውጣቸው፤ ውኃ በሳሕን አምጣ» አለችው። አወጣ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ጠርዝ ውኃ ውስጥ እየነከረች ታሸው ጀመር። ሌሎች ሴቶችም ከበቡ፤ አንዷ «እስቲ ያን ሰማያዊውን!» ትላለች፣ ሌላዋ «ይኸስ ሻይ አፈላ!» ትላለች። እልፍነሽ ከደጃፏ ቆማ «ሙስዐብ፣ ያን ሳሕን ወደኔ እንዳታመጣብኝ፤ አደራ!» እያለች ገበያተኛውን ታስቃለች። ወንድምሽ አቀርቅሮ ጣቃ ያወጣል፣ ጣቃ ያስገባል። ነሲባ በመጨረሻ የሚሆናትን አገኘች፤ በዋጋው ደግሞ ተከራክራ አሸነፈችው። የልጇ ኒካሕ በእርሱ ሆነ።

መርሳ ስመለስ የራሴንም ታፔላ አወረድሁት። ለምን ብትዪ፣ ስሜ የሰውን ጣት ካሰነፈ ከቀይ መስመር በምን ይሻላል? ዛሬ ሱቄ ስም የለውም። የሚፈልገኝ ያውቀዋል፤ የማያውቀኝ ጨርቁን ይጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላለሳልስ ልጻፍልሽ። ከሙስዐብ ጣቃዎች ሢሶ ያህሉ ቀለም የሚለቅ ነው። ርካሽ አግኝቶ፣ መስመሩንም ስሜንም ተማምኖ ያከማቸው ነው። አዝናለሁ።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ሻርጃ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤ አላህ ይጠብቅዎ።

ደብዳቤዎን አነበብኩ፤ አለቀስኩም፤ በማን እንዳዘንኩ ግን ለይቼ አላውቅም። ሙስዐብ በየቀኑ ገበያው ቀዘቀዘ እያለ ይደውላል። የእኔ ኮንትራት በሰኔ ያልቃል፤ ወይ ማደስ ወይ አገሬ መግባት አለብኝ። ከእንግዲህ ስለ ስም አልለምንዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ያ ሱቅ ዛሬ ምን ያህል ያወጣል? ልምጣ ወይስ ልቅር? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ዙልፋ


መርሳ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አላህ የሚበጅሽን ያቅናልሽ፤ ዓይንሽንም ከእንባ ያሳርፍልሽ።

ልጄ ዙልፋ፤ የጠየቅሽኝን አልመልስም። ንቄሽ አይደለም። «ነይ» ብልሽ በእኔ ቃል ትመጫለሽ፤ «ቅሪ» ብልሽ በእኔ ቃል ትቀሪያለሽ። ነሲባም የገዛችው እንዲሁ ነበር። አምስት ዓመትሽን ሳትዳስሺ በስሜ እንድትሸጪውም፣ እንድትገዢውም አልፈቅድም።

ያየሁትን ግን እነግርሻለሁ፤ ያየሁትን መናገር ምስክርነት ነውና። ቀዩ መስመር ከመስታወቱ ተጠርጓል። ሙስዐብ የራሱን ስም በሩ ላይ በትንሹ ጽፏል። ቀለም የሚለቁትን ለይቶ ቀለማቸው እንደሚለቅ እየተናገረ ለመጋረጃና ለፍራሽ ልብስ በርካሽ ይሸጣቸዋል። ገዥው ቀንሷል፤ ይህን አልሸሽግሽም። ነሲባ ከግራና ሁለት ሴቶች ይዛ ሄዳ ነበር፤ አንዷ ገዛች፣ አንዷ ሳትገዛ ተመለሰች። ወንድምሽ ከስቷል። ባለፈው ሲያየኝ ዓይኑን አልሰበረም፤ «አጎቴ፣ ይህን ጣቃ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ራስህ እየው አልሁት። አየው። አመዛዘኑ ደኅና ነበር።

ከዚህ ያለፈውን ከእኔ አትጠብቂ።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ሻርጃ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፤ ሰላምዎ ይብዛልኝ፣ ዒዱም ይባረክልዎ።

ተቆጥቼብዎት ነበር። ቁርጥ ነገር ለምኜ ቁርጥ ነገር የነሣኝ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም። አሁን ግን ቁጣው በርዶልኛል።

ኮንትራቴን አላደስኩም፤ አልዘጋሁትምም። እስክወስን የአንድ ወር ጊዜ ጠይቄ ተሰጠኝ፤ በሐምሌ እመጣለሁ። ቀኑን ለሙስዐብ አይንገሩብኝ፤ ሱቁን ለእኔ ብሎ እንዳያሰማምረው። ለእናቴም ቢሆን ይቅርብዎ፤ እርሷ ምስጢር አትችልም።

ወልድያ መናኸሪያ እንደወረድኩ ፊቴን ሸፍኜ እንደ ማንኛዋም ገዥ እገባበታለሁ። ከኋላ መደርደሪያ አንድ ጣቃ አስወርጄ ዋጋውን እጠይቀዋለሁ፤ ምንነቱንም እጠይቀዋለሁ። የሚመልስልኝን ከሰማሁ በኋላ ሻንጣዬን ወደ መርሳ ልጫን ወይ እንደያዝኩት ወደ ሻርጃ ልመለስ፣ ያኔ እወስናለሁ።

ዱዓ ያድርጉልኝ። ለእርሱም ያድርጉለት።

ልጅዎ ዙልፋ